ሰፖርት ወርከሮችና ስኳር በሽታ፦ በአውስትራሊያ ሥልጠናው ምን ይመስላል?

አውስትራሊያ ውስጥ የአካል ጉዳት ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው የሚያግዙ ሠራተኞች ሰፖርት ወርከር ይባላሉ። ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ያበስላሉ፣ ሐኪም ጋ ይወስዳሉ። ከሚያግዟቸው ሰዎች መካከል ስኳር ያለባቸው አሉ። ጣት ወግቶ መለካቱና ኢንሱሊን መውጋቱም ብዙ ጊዜ በእነሱ እጅ ላይ ይወድቃል። ሜልበርን ውስጥ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ሐበሾች አሉ። ሥልጠናውን በአማርኛ ሰብሰብ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድሮ እነዚህ ሰዎች በትልልቅ ተቋማት ተሰብስበው ይኖሩ ነበር። ሜልበርን የነበረው ኪው ኮቴጅስ በ1887 ተከፍቶ በ2008 ተዘግቷል። እዚያ መድኃኒት የሚሰጡት ነርሶች ነበሩ። ነዋሪዎቹ ወደ መንደር ቤቶች ሲዘዋወሩ ነርሶቹ አብረው አልሄዱም። ኢንሱሊኑ ግን ሄደ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከ2013 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ኤንዲአይኤስ የሚባለው የአካል ጉዳት መድን በሕግ ተቋቋመ፤ በጁላይ ሙከራው ተጀመረ። ወዲያው አንድ ጥያቄ ተነሣ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሠራተኛ ደመወዙን ማን ይክፈል? ኤንዲአይኤስ “ይህ የጤና ጉዳይ ነው” ይላል፤ የክፍላተ ሀገራቱ ጤና ቢሮዎች ደግሞ “የአካል ጉዳት ጉዳይ ነው” ይላሉ። መሐል ላይ የተንገላታው ታማሚው ነው። በጁን 2019 ሚኒስትሮቹ ተስማሙ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2019 ጀምሮ፣ በጉዳታቸው ምክንያት ስኳራቸውን ራሳቸው መቆጣጠር ለማይችሉ ሰዎች ኤንዲአይኤስ ድጋፉን መክፈል ጀመረ። የመለኪያ ወረቀቱና መሰል ዕቃው ግን ከ1987 ጀምሮ ባለው ኤንዲኤስኤስ በሚባለው የመንግሥት የስኳር ሕሙማን ድጋፍ በኩል በድጎማ መቅረቡን ቀጥሏል። ኤንዲኤስኤስን የሚያስተዳድረው ዳያቤቲስ አውስትራሊያ ነው።

የኤንዲአይኤስ የጥራት ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በ2018 በኒው ሳውዝ ዌልስና በሳውዝ አውስትራሊያ ሥራ ጀመረ፤ ሜልበርን ያለችበት ቪክቶሪያ በ2019 ገባች። ኮሚሽኑ ከፍተኛ ክህሎት የሚጠይቁ ሥራዎችን ለይቶ አውጥቷል። ከቆዳ ሥር የሚሰጥ መርፌ ከእነሱ አንዱ ነው፤ ኢንሱሊንም እዚህ ውስጥ ይወድቃል። እዚህ ላይ ዋናው ሐሳብ ሠራተኛው “መርፌ ተምሬያለሁ” ብሎ የትም እንዳይወጋ ነው። ሥልጠናው ለዚያ ሰው፣ በዚያ ሰው የእንክብካቤ ዕቅድ ላይ ተመሥርቶ ይሰጣል። በቂ ሙያ ያለው ሰው አይቶ ብቃቱን ያረጋግጣል።

ለሥራው ግን የግዴታ ዲፕሎማ የለም። ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ሰርተፊኬት 3 የሚባለውን የዚህን ሙያ ኮርስ የሚማር ሰው 120 ሰዓት በሥራ ቦታ ይለማመዳል። የመድኃኒት አሰጣጡ ክፍል ግን በምርጫ የሚወሰድ ነው። ቪክቶሪያ ከ2019 ጀምሮ ቴፍ በሚባሉት የመንግሥት የሙያ ኮሌጆች ትምህርቱን ያለ ክፍያ ማድረጓ ለብዙ የእኛ ሰዎች በር ከፍቷል። የሚማር ሰው ይህን ክፍል እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሀገር ቤት የመጣ ተማሪ መጀመሪያ የሚደናገረው በቁጥሩ ነው። እኛ ስኳር 70፣ 126፣ 200 ሲባል ነው የሰማነው። አውስትራሊያ ሌላ መለኪያ ትጠቀማለች። የእነሱን ቁጥር በ18 ማባዛት ነው። 4 ማለት 72 አካባቢ ነው፤ 15 ማለት 270። ከ4 በታች ከሆነ ስኳሩ ወርዷል ማለት ነው፤ ሥራው ያኔ ይጀምራል።

ትምህርቱ እንዲህ ነው። 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይሰጣል፤ 6 ወይም 7 ጄሊቢን (ትንንሽ ለስላሳ ከረሜላ)፣ ወይም ግማሽ ጣሳ ለስላሳ፣ ዳይት ያልሆነ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ካልወጣ ይደገማል። ከወጣ ደግሞ ዳቦ ወይም ምግብ ይከተላል። ቸኮሌት አይሆንም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው ጄሊቢን ሊያንቅ ስለሚችል፣ ምን እንደሚሰጠው አስቀድሞ ዕቅዱ ላይ ይጻፋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ አምቡላንስ፣ 000 ይደወላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ስኳሩ መውረዱን ማወቁ ነው። መናገር የማይችል ሰው “አዞረኝ” አይልም። ያልበዋል፣ ይነጫነጫል፣ ምግቡን ይገፋል፣ አንዳንዴም ይማታል። ሺፍት ላይ ያለው ሰው “ዛሬ ባሕሪው ተነሥቶበታል” ብሎ ካለፈው ሰዓቱ ያልቃል። ለዚህ ነው ጥሩ አሠልጣኞች ከመርፌው ይልቅ የዚያን ሰው ምልክት በማወቅ ላይ ረጅም ሰዓት የሚያጠፉት። ድንገት የባሕርይ ለውጥ ሲታይ መጀመሪያ ስኳር ይለካል። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ለአንደኛው ዓይነት ስኳር ከሌላው ሰው የበለጠ ይጋለጣሉ። ኦላንዛፒንና ክሎዛፒንን የመሳሰሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ክብደት ጨምረው ስኳር ሊያመጡ ይችላሉ።

በኢንሱሊኑ በኩል ስሕተት የሚበዛው ፈጣኑንና የሚቆየውን ፔን (እስክሪብቶ የሚመስለውን የኢንሱሊን መውጊያ) በማምታታት ነው። የአብዛኞቹ ፔኖች ጥንካሬ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ሲሆን ቱጄዮ የሚባለው ኢንሱሊን 300 ነው፤ ሲሪንጁ የተሠራው ለ100 ስለሆነ ከፔን በሲሪንጅ መቅዳት ክልክል ነው። “ዩኒት” የሚለውም በሙሉ ይጻፋል። የእንግሊዝኛው ዩ ፊደል ብቻውን ሲጻፍ ዜሮ ይመስላልና 4 ዩኒቱ 40 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሥራ ላይ ያለው ከ28 ቀን በኋላ በአብዛኛው ይጣላል።

ሰፖርት ወርከር ኢንሱሊን ይውጋ ወይስ አይውጋ የሚለው ጉዳይ ሁሉንም ያስማማ አይመስልም። ይህ የነርስ ሥራ ሆኖ ቢቀር ይሻላል የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል፣ ሰው ነርስ እየጠበቀ ቁርሱን አያሳልፍ የሚሉም አሉ፤ ምናልባት ሁለቱም እንደ ሰውየው ሁኔታ እውነት ይኖራቸው ይሆናል።

ለሐበሻ ሠራተኛ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። የሚያግዘው ሰው ሐበሻ ሆኖ ሊጾም ይችላል። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይቀምስ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው አደጋ ላይ ነው። ሠራተኛው በራሱ ፈቃድ መጠኑን አይቀንስም፣ “አትጹም” ብሎም አይከለክልም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ቀጠሮ ይዞ፣ ሐኪሙ ወይም የስኳር ነርሷ የጾሙን ወራት መጠንና ሰዓት ዕቅዱ ላይ እንዲጽፉ ያደርጋል።