የውኃ ውስጥ የድምፅ ሞደሞች፦ ሥርጭትን ከተለዋዋጭ ሁኔታ ጋር ማስማማት

የሬዲዮ ሞገድ በባሕር ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይርቅ ስለሚከስም፣ ሰው አልባ የባሕር ሮቦቶችና በባሕር ወለል ላይ የተተከሉ መሣሪያዎች ከሩቅ የሚገናኙት መረጃን ወደ ድምፅ ቀይሮ በሚልክና በሚቀበል መሣሪያ፣ በድምፅ ሞደም ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ተቀባይ መልእክቱን ከ2 ሰከንድ በኋላ ይሰማል፤ መልሱ ለላኪው ሲደርስ 4 ሰከንድ አልፏል። በዚህ መሃል ማዕበሉ የድምፁን መንገድ ቀይሮታል።

ተቀባዩ በፓኬቱ (በአንድ ጊዜ በሚላከው የመረጃ ጥቅል) መግቢያ ላይ ካለው አስቀድሞ የሚታወቅ ሲግናል ሦስት ነገር ይለካል፦ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ፣ ማሚቶው ምን ያህል እንደሚዘገይ፣ በእንቅስቃሴ ምክንያት ፍሪኩዌንሲው ምን ያህል እንደተዛባ። ከዚያ ለላኪው የሚመልሰው የሚስማማውን የአላላክ ዘዴ ቁጥር ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ልኬት ብቻ አይተው የሚወስኑ ሥርዓቶች ናቸው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ድምፁ ከወለሉና ከውኃው ገጽ እየተንጸባረቀ በአሥር ሚሊሰከንዶች የሚቆጠር ማሚቶ ያስከትላል። በሰከንድ 5,000 ምልክት (መረጃ የተሸከመ አጭር የድምፅ ቁራጭ) የሚልክ ሞደም ላይ የ20 ሚሊሰከንድ ማሚቶ 100 ምልክቶችን ያደራርባል። ኃይል መጨመር እዚህ አይረዳም፤ ማሚቶውም አብሮ ይጎላልና። መፍትሔው ፍጥነትን መቀነስ፣ በምልክቶች መካከል ክፍተት መተው ወይም ማሚቶውን የሚያስተካክል ማጣሪያ መጠቀም ነው።

በሰከንድ 1.5 ሜትር የሚቀርብ ሮቦት የ12 ኪሎኸርትዝ ሲግናልን 12 ኸርትዝ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ 1 ሰከንድ የሚፈጀውንም ፓኬት በ1 ሚሊሰከንድ ገደማ ያሳጥረዋል። መረጃውን በብዙ ጠባብ ፍሪኩዌንሲዎች ከፋፍሎ የሚልከው ኦኤፍዲኤም ይህ ቀድሞ ካልታረመለት አይነበብም።

የሚመጣው ግብረ መልስ ምንጊዜም ያረጀ ስለሆነ የእያንዳንዱን ቅጽበት መዋዠቅ መከተል ከንቱ ድካም ነው። የሚሻለው የብዙ ፓኬቶችን አማካይ መያዝ፣ መጠባበቂያ መተው፣ ፓኬት ሲጠፋ ወዲያው ወደ ዝግተኛው ዘዴ መውረድ፣ ወደ ፈጣኑ ግን ቀስ ብሎ መውጣት ነው።

ግንኙነቱ ፈጽሞ ሲቋረጥ ሁለቱም ወገኖች የሚመለሱበት አንድ የጋራ ዘዴ ያስፈልጋል። ለዚህ ዓይነት ሚና የሚመቸው ኔቶ እ.ኤ.አ. በ2017 መስፈርት ያደረገው ጃኑስ ነው። ጃኑስ ማዕከሉ 11,520 ኸርትዝ በሆነ 4,160 ኸርትዝ ስፋት ባለው ባንድ፣ በ13 ጥንድ ፍሪኩዌንሲዎች እየዘለለ፣ በሰከንድ 80 ቢት ገደማ ይልካል። መሠረታዊ ፓኬቱ 64 ቢት ነው። የተለያዩ አምራቾች ሞደሞች በእሱ ተዋውቀው ወደሚስማሙበት ፈጣን ዘዴ ይሸጋገራሉ።