ሊንጉስቲክስ ዲፓርትመንት ውስጥ ተማሪ መማሩ እንዴት ነው ሚታወቀው?

የሊንጉስቲክስ (የቋንቋ ሳይንስ) ተማሪ ምን ያህል ተማረ ሚለውን ጥያቄ ከግሬድ ጋ ማምታታት በጣም የተለመደ ነው፣ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። ግሬድ ውስጥ አቴንዳንስም አለ፣ አሳይመንት በሰዓቱ ማስገባትም አለ፣ ኩዊዙም ሚዱም ፋይናሉም ተደምሮ ነው አንድ ፊደል ሚሆነው። ስለዚ ፎኖሎጂ (የቋንቋ ድምፆች ስርዓት ጥናት) ላይ ቢ ያመጣች ልጅ ምኑ ላይ ጎበዝ እንደሆነች ከቢው ላይ ማንበብ አይቻልም፣ ዳታ መተንተን ችላ ፅሁፍ ላይ ደክማ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ደግሞ የቃላቱን ፍቺ በደንብ ሸምድዳ አዲስ ዳታ ሲቀርብላት ሚጠፋባት ልትሆን ትችላለች። የፕሮግራም ምዘና ሚባለው ይሄን ፈታቶ ያያል፣ ጥያቄውም ፕሮግራሙን ጨርሰው ሚወጡት ልጆች በጥቅሉ ምን መስራት ይችላሉ ነው።

ስራው ሚጀምረው ዲፓርትመንቱ ተሰብስቦ ግቦቹን ሲፅፍ ነው። "ተማሪው ፎኖሎጂን ይረዳል" ብሎ መፃፍ ብዙ አያስኬድም ምክንያቱም መረዳት በቀጥታ አይታይም። ሚሻለው ሚታይ ድርጊት መፃፍ ነው፣ ድምፅ ሰምቶ በአይፒኤ (የየትኛውንም ቋንቋ ድምፅ መፃፊያ በሆነው ዓለም አቀፍ ምልክት) ይፅፋል፣ ማያውቀውን ቋንቋ ዳታ ወስዶ ምዕላዶቹን (ትርጉም ያላቸውን ትንንሽ የቃል ክፍሎች) ይለያል፣ ሁለት ትንታኔ ሲሰጠው የቱ እንደሚሻል በማስረጃ ይከራከራል ምናምን። የትምህርት ተመራማሪው ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ያወጡት የትምህርት ግቦች ደረጃ ለዚ ይጠቅማል፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል ደረጃዎቹ በግስ ተሰይመው ከማስታወስ ተነስተው መፍጠር ላይ ነው ሚያልቁት። ከዛ እያንዳንዱ ግብ የቱ ኮርስ ላይ እንደሚጀመር፣ የቱ ላይ እንደሚጠናከርና የት እንደሚለካ በሰንጠረዥ ይወጣል፣ እዚህ ጋ ነው አንዳንዴ ሁሉም መምህር ሌላው ያስተምረዋል ብሎ የተወው ነገር፣ ለምሳሌ የምርምር አፃፃፍ፣ የትም ኮርስ ውስጥ እንደሌለ ሚገኘው።

የዚህ ትምህርት የምዘና ልቡ ግን የዳታ ጥያቄ ነው። ተማሪው ማይናገረውን ቋንቋ ጥቂት ቃላት ከነትርጉማቸው ይሰጡታል፣ ስርዓቱን ራሱ ያወጣል። ለምሳሌ ከስዋሂሊ ኒናሶማ "እያነበብኩ ነው"፣ ኒሊሶማ "አነበብኩ"፣ ኒታሶማ "ወደፊት አነባለሁ"፣ አናሶማ "እያነበበ ነው" ተብሎ ቢሰጥ፣ ኒ ተናጋሪውን፣ አ ሶስተኛ ሰውን፣ ና፣ ሊ እና ታ ጊዜን፣ ሶማ ደግሞ ማንበብን እንደሚያሳዩ ማወዳደር ብቻ ነው ሚጠይቀው። ጥሩ ጥያቄ ግን እዚህ አያቆምም፣ "ወደፊት ያነባል" እንዴት ይባላል ብሎ ይጨምራል፣ አታሶማ ብሎ ዳታው ላይ የሌለ ቃል የገነባ ተማሪ ስርዓቱን እንደያዘው በግልፅ ይታያል፣ ይሄን ሽምደዳ አያመጣውም። ክፍሉ ውስጥ ቋንቋውን ሚናገር ልጅ ካለ ግን ጥያቄው ለሱ ሌላ ፈተና ነው ሚሆነው ስለዚ ቋንቋ ሲመረጥ ይሄ መታሰብ አለበት፣ ከታወቀ መማሪያ መፅሀፍ የተወሰደ ጥያቄም መልሱ ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኝ ዳታውን መቀየር ግድ ነው።

እርማቱ ላይ ነው እኔ አጥብቄ ምከራከረው። የመጨረሻው መልስ ብቻ ከታየ ሊንጉስቲክስ አልተለካም። ኮሪያኛ ላይ ር እና ል ሚመስሉት ድምፆች አንድ ፎኒም ናቸው፣ ማለትም ቋንቋው እንደ አንድ ድምፅ ነው ሚቆጥራቸው፣ ር በሁለት አናባቢ መሃል ይመጣል፣ ል ደግሞ ቀለም (ሲላብል) መጨረሻ ላይ፣ ማል ሚለው ቃል ኢ ሲጨመርበት ማሪ ይሆናል። "አንድ ፎኒም ናቸው" ብሎ ብቻ የፃፈ ልጅ ገምቶም ሊሆን ይችላል። ድምፆቹ ቃል ውስጥ የት የት እንደሚመጡ ዘርዝሮ፣ እንደማይደራረቡ አሳይቶ፣ ህጉን ፅፎ፣ ግን አንዷን ቃል አሳስቶ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ የደረሰው ልጅ ከመጀመሪያው ልጅ ይበልጣል፣ ነጥቡም ይሄን ማሳየት አለበት።

ፎነቲክስ (የንግግር ድምፆች ጥናት) ላይ ደግሞ ጆሮ ነው ሚለካው። መምህሩ ያነባል ወይ ቅጂ ያሰማል፣ ተማሪው በአይፒኤ ይፅፋል። አማርኛ ፅፎ ያደገ ሰው እዚህ ጋ ሚፈተነው ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ነው፣ አለ ሲላላ "ተናገረ" ነው፣ ሲጠብቅ "መኖር" ነው፣ ፅህፈቱ ግን አንድ ነው። ስለዚ ተማሪው ሰምቶ ነው ወይስ የፊደሉን አፃፃፍ ገልብጦ ነው የፃፈው ሚለው እንዲ ባሉ ጥንዶች ወዲያው ይለያል። ይሄ ትንሽ ኩዊዝ ከአንድ ትልቅ ፋይናል የተሻለ መረጃ ይሰጣል ባይ ነኝ።

የፊልድ ሜተድስ ኮርስ ለብቻው መታየት ያለበት ነው። ተማሪዎች ከአንድ ተናጋሪ ጋ ተቀምጠው ቋንቋውን ከዜሮ ይመዘግባሉ፣ ምዘናውም ፈቃድ መጠየቃቸውን፣ ቅጂውን ማን መቼ የት እንደቀዳው መፃፋቸውን፣ ጥያቄያቸው መልሱን እየጠቆመ መሆን አለመሆኑን፣ ፅሁፉን በላይፕዚግ ህጎች (ዓረፍተ ነገርን ከነፍቺው ማስቀመጫ የተለመደ ደንብ) መሰረት ምዕላድ በምዕላድ አስተካክለው መስመር በመስመር ማስቀመጣቸውን ያያል። ይሄን በወረቀት ፈተና መለካት አይቻልም።

የመመረቂያ ፅሁፍ በሩብሪክ (የነጥብ አሰጣጥ መስፈርት) ይታረማል፣ ቢቻል ሁለት መምህር ሳይነጋገሩ ያርሙታል፣ ስምምነታቸው በኮኸን ካፓ ይሰላል፣ ይሄ መለኪያ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለና በአጋጣሚ ሚመጣውን ስምምነት ከስሌቱ ሚቀንስ ነው። ዝቅ ካለ ብዙ ጊዜ ችግሩ የሩብሪኩ ቃል ነው፣ "ጥሩ ትንታኔ" ሚለው ለሁለቱ ሰዎች ሁለት ነገር ነው። ደግሞም ሁሉም ዘዬ የራሱ ስርዓት አለው ብሎ ያስተማረ ዲፓርትመንት ተማሪው በቃል ሲያቀርብ በአካባቢው አነጋገር ምክንያት ነጥብ ቢቀንስበት ትልቅ ግጭት ነው፣ ሩብሪኩ ላይ ሃሳቡና አነጋገሩ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው።

የተመራቂዎች መጠይቅም አለ፣ ስሜታቸውን ይነግረናል ችሎታቸውን ግን አይደለም።

ብዙ የሊንጉስቲክስ ክፍል ትንሽ ስለሆነ የአንድ ዓመት ፐርሰንት አይታመንም፣ ስምንት ልጅ ካለ አንድ ልጅ ብቻውን 12.5 ፐርሰንት ነው፣ ስለዚ የተወሰኑ ዓመታት ስራ አንድ ላይ ቢታይ ይሻላል። ሲንታክስ (የዓረፍተ ነገር አወቃቀር ጥናት) ላይ ተማሪዎች ዛፉን፣ ማለትም የዓረፍተ ነገሩን መዋቅር ሚያሳየውን ስዕል፣ በትክክል እየሳሉ ግን ለምን እንደዛ እንደሳሉት ማስረዳት ካቃታቸው መፍትሄው ፈተና መጨመር አይደለም፣ የመጀመሪያው ኮርስ ላይ ከእያንዳንዱ ዛፍ ጋ ቃላቱ አንድ ክፍል መሆናቸውን ሚያሳይ የመተካት ወይ የማዘዋወር ሙከራ አብረው እንዲያስገቡ ማድረግ ነው፣ ከዛ በሚቀጥለው ዓመት ያው አይነት ጥያቄ በሌላ ዳታ ተሰጥቶ ለውጥ መኖሩ ይታያል።