እግራችሁን የላጠው የጠበበ ጫማ አይደለም፤ የሰፋ ነው

ጎማዎቹ በአንድ መስመር በተደረደሩት ጫማዎች ስኬቲንግ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ ቆጥሬ አልጨርስም። ጠያቂው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን ቃል በቃል አንድ ነው፦ «ጫማው ጠቦኝ ነው መሰለኝ ተረከዜን ላጠው፤ አንድ ቁጥር ጨምሬ ልግዛ?» አስወልቄ እግሩን ስለካው ጫማው ቀድሞውንም በአንድ ቁጥር ይበልጠዋል፤ አንዳንዴም በሁለት። መድኃኒት ብሎ የሚጠይቀኝ ያሳመመውን ነገር ጨምሮ መውሰድ ነው። «ስሙ ስኬት፣ ትርፉ መላጥ» ብሎ ያሳቀኝ ተማሪም ከእነዚሁ አንዱ ነበር።

ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር። ቆዳ ውኃ የሚቋጥረው ስለተጨመቀ አይደለም። አመልካች ጣታችሁን በሌላው እጃችሁ ጀርባ ላይ ጫን አድርጉና ሳታንሸራትቱት ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ጣቱ ቆዳው ላይ እንደተጣበቀ ነው፤ ቆዳው ግን ከሥሩ ካለው አጥንት ተለይቶ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ጫማ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። በላብ የረጠበው ካልሲ ቆዳውን ከውጭ ይይዘዋል፤ የተረከዝ አጥንት ደግሞ ከውስጥ ወደላይና ወደታች ይላል። በመካከል ያሉት የቆዳ ንብርብሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎተታሉ፤ ጉተታው ሲደጋገም ይላቀቃሉ፤ ክፍተቱን ፈሳሽ ይሞላዋል። ለዚህ ሁሉ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። አንድ ቁጥር የጨመረ ሰው ገንዘቡን ያወጣው ለዚያ ክፍት ቦታ ነው።

ሰው የሚሳሳትበት ምክንያት ግን ይገባኛል። ጫማውን የሚሞክረው ተቀምጦ ወይም ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ የእግር ጣት ጫፍ የጫማውን አፍንጫ ይነካል፤ ሰውየውም «ጠበበ» ይልና ያወልቀዋል። ስኬቲንግ ግን ቀጥ ተብሎ አይነዳም። ጉልበት ሲታጠፍ ተረከዝ ወደኋላ ይገባል፣ ጣቶችም ከፊት ይለቃሉ። ትክክለኛው ልክ ቀጥ ሲባል ጣትን የሚዳስስ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ግን የሚለቅ ነው። ጉልበታችሁን አጥፋችሁም ጣቶቻችሁ ከተጣጠፉ ወይም ከደነዘዙ ያን ጊዜ እውነትም ጠቧችኋል፤ ይህንን አልክድም። በእኔ ልምድ ግን ለአንድ እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ የሰፋባቸው ሰዎች ይመጡብኛል።

ደግሞ የዘወትር ጫማችሁን ቁጥር ተማምናችሁ አትግዙ። ቁጥር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የእግር ርዝመት በሚሊሜትር ግን አይዋሽም። ወረቀት ወለል ላይ አንጥፉ፣ ተረከዛችሁን ከግድግዳ አስጠግታችሁ ቁሙ፣ የረጅሙን ጣት ጫፍ ምልክት አድርጉና ለኩ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ከረጅሙ ተነሡ። እግር ሲውል ስለሚያብጥ ወደ ማታ መለካት ይሻላል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሆኖም ለክቶ የሚመጣ ተማሪ ሳይ እንደ እንግዳ ነገር እደነቃለሁ።

የምቆጣው ራሴም ስለተታለልኩ ነው። የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛሁት «ለወፍራም ካልሲ ቦታ ይኑርህ» ተብዬ ነው። ለወራት ሁለቱም ተረከዞቼ ሲቋጥሩ፣ ሲፈነዱና ሲደርቁ ቆይተው የቆዳዬን ተፈጥሮ እስከማማት ደረስኩ። በኋላ ልኬ የሆነውን ጫማ ከጓደኛዬ ተውሼ አንድ ቀን ሙሉ ነዳሁበት፤ ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ምንም የለም። ቆዳው ያው የእኔው ቆዳ ነበር።

ልኩ ትክክል ሆኖ እንኳ አስተሳሰር ያበላሸዋል። ጫማውን ስታጠልቁ ተረከዛችሁን መሬት ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ወደኋላ ስደዱት። ከዚያ መጀመሪያ የሚጠብቀው ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት አግድም የሚያልፈው ማሰሪያ ነው፤ ተረከዝን ጎድጓዳ ቦታው ውስጥ የሚይዘው እርሱ ነውና። የጣቶቹ በኩል ያለው ክር ለዘብ ይበል። የላይኛው ዘለበት ጉልበት ታጥፎ መጨረሻ ይቆለፋል። ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ቆም ብላችሁ እንደገና እሰሩ፤ የውስጡ ስፖንጅ ሲሞቅ ስለሚረግብ የመጀመሪያው አስተሳሰር አይጸናም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ይሆናል።

«ያመመኝ ስላልጠበቀ ነው» ብለው ሁሉንም ማሰሪያ እስከ መጨረሻ የሚስቡም አሉ። ውጤቱ የውስጥ እግር ቁርጠት፣ የጣት መደንዘዝ፣ ከቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ያሉት ጅማቶች መታመም ነው። የሚጠብቀው ተረከዝ እንጂ እግር በሙሉ አይደለም። ጀማሪዎች ውስጥ እግራቸውን የሚቆርጣቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጫማው ሳይሆን ፍርሃታቸው ነው፤ እንዳይወድቁ በጣቶቻቸው ሶሉን ጨብጠው ይይዛሉ። ጣቶቻችሁን ዘርጉ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ።

ወፍራም ካልሲ አይከላከልም፤ ይጨማደዳል፣ ላብ ያጠራቅማል። ጥጥ ደግሞ ውኃ መጥጦ ስለሚይዝ ይብሳል። ከጫማው አፍ ከፍ የሚል ስስ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ካልሲ በቂ ነው። ሁለት ስስ ካልሲ መደረብም ይረዳል፤ መንሸራተቱ በሁለቱ ጨርቆች መካከል ይሆናልና።

ቫዝሊን? ለመጀመሪያው ሰዓት ያንሸራትታል፤ እየተመጠጠ ሲሄድ ግን መያዙ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። ከእርሱ ይልቅ ሐኪሞች ለፋሻ የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር በምትላጡበት ቦታ ላይ፣ ገና ሳይላጥ፣ ለጥፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ብዙ ቀን በሚፈጅ የረጅም ርቀት ውድድር 128 ሯጮች ተሞክሮባቸው፣ የተለጠፈበት ቦታ ላይ ውኃ መቋጠር በ40 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሯጮች ናቸው እንጂ ስኬቲንግ ነጂዎች አይደሉም፤ ቆዳ ግን ይህን አይለይም።

«ሲለመድ ይተዋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የውስጡ ስፖንጅ የእግርን ቅርጽ ይይዛል፤ የውጭው ፕላስቲክ ወይም ካርቦን ግን ብትጠብቁት አይሰፋም። የቁርጭምጭሚት አጥንታችሁ በየጊዜው እዚያው ቦታ ላይ ከቀላ ለባለሙያ አሳዩትና በሙቀት ይስፋላችሁ፤ ወይም በአጥንቱ ዙሪያ መካከሉ የተበሳ ለስላሳ ትራስ አድርጉ። በሙቀት የሚቀረጹ ጫማዎች አሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም፣ የሙቀቱንም መጠን አምራቹ ይወስናል። መመሪያ ሳያነብ ምድጃ ውስጥ የከተተ ተማሪ ነበረኝ፤ ማጣበቂያው ቀልጦ ሶሉ ተገንጥሎ መጣ።

ከተቋጠረ በኋላስ? ቆዳውን አትላጡት፤ ከእርሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ትንሽ ከሆነ ሸፍናችሁ ተዉት። ትልቅና የሚያም ከሆነ ቦታውን አጥባችሁ፣ በአልኮል በጸዳ መርፌ ከዳር ወጋ አድርጋችሁ ፈሳሹን አፍስሱና ቆዳውን በቦታው መልሳችሁ ሸፍኑት። የስኳር ሕመም ወይም የደም ዝውውር ችግር ያለበት ሰው ግን መርፌውን ትቶ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም መግል ከታየ ማንም ቢሆን እንዲሁ።