ስለ አየርላንድ ምሽግ ቤቶች የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

በአየርላንድ ገጠር ጣሪያቸው የወደቀ፣ መስኮታቸው የበዛ ትልልቅ የድንጋይ ቤቶች አሉ። አብዛኞቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1580ዎቹ እስከ 1650 አካባቢ ባለጸጎች ያሠሯቸው ምሽግ ቤቶች ናቸው።

«የመካከለኛው ዘመን ግንቦች ናቸው»

አይደሉም። ልዩነቱን በክሌር አውራጃ ያለው የሊማኔ ፍርስራሽ በግልጽ ያሳያል። በአንድ ጫፉ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጠባብ ማማ ቆሟል፤ የብርሃን ቀዳዳዎቹ ቀጫጭን ናቸው። የአካባቢው ባላባት ኮነር ኦብራየን በ1640ዎቹ ከማማው ጋር ያያዘው ባለ አራት ደርብ ቤት ግን በድንጋይ ቋሚና አግዳሚ የተከፋፈሉ ሰፋፊ መስኮቶች አሉት።

«መስኮቱ እንዲህ ከሰፋ ምሽግነቱ ለስም ብቻ ነው»

የመከላከያው ቁልፍ የቤቱ ቅርጽ ነው። በኮርክ አውራጃ ያለውን የካንተርክ ምሽግ ቤት እንመልከት፤ በአራቱም ማዕዘን ማማ ወጥቶለታል። ግድግዳ ሥር የተጠጋን ሰው ከላይ ሆኖ መምታት አስቸጋሪ ነው፤ ከማማው ጎን የሚተኩስ ግን ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ያገኘዋል። የተኩስ ቀዳዳዎቹ ተኳሹ እንደ ልቡ እንዲዞር ከውስጥ ሰፍተው ወደ ውጭ ይጠባሉ። ቲፐሬሪ ባለው በርንኮርት ግድግዳ አናት ላይ ተደርድረው የሚታዩት ወጣ ያሉ ድንጋዮች የእንጨት መከላከያ ሰገነት ይሸከሙ ነበር። ይህ ሁሉ የታሰበው ዘራፊንና ድንገተኛ ወረራን ለመመከት ነው፤ መድፍ የያዘ ሠራዊትን አይችልም።

«ቀዳዳው ሁሉ የጠመንጃ ነው»

በአንድ ከፍታ የተሰለፉት የወለል ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ የገባባቸው ናቸው። እንጨቱ ስለጠፋ የምድጃው አፍ ዛሬ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ የየደርቡን ከፍታ የምናውቀው በእሱ ነው።

«የፈረሱት በመድፍ ነው»

በርንኮርት በ1650፣ ጎልዌይ ያለው ፖርተምና በ1826 የወደሙት በእሳት ነው። ጣሪያ ከሄደ በኋላ ዋናው አጥፊ ውሃ ነው። ግድግዳው ሁለት የተጠረበ ገጽና በመካከሉ በኖራ የተያያዘ ጠጠር ነው፤ ዝናብ ከአናቱ ሲገባ ኖራው ይታጠባል፣ ገጹም ሆድ አውጥቶ ይወርዳል።

«ሐረጉን ነቅሎ በሲሚንቶ መድፈን ያድናቸዋል»

ከሁሉ የሚጎዳው ይህ ነው። የሐረጉ ሥር ግድግዳው ውስጥ ስለገባ በእርጥቡ ሲጎተት ድንጋይ ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ ግንዱን ከሥር መቁረጥ፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጡ ማውረድ ይገባል። ሲሚንቶ ከድንጋዩ በላይ ይጠነክራል፤ እርጥበቱ በመገጣጠሚያው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይልጠዋል። ትክክለኛው የኖራና የአሸዋ ድብልቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ እጅ ኖራ ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ አሸዋ። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ሥራው መቆም አለበት፤ ያልደረቀ ኖራ ውርጭ ሲነካው ይፈረፈራል። ቤቶቹ በሕግ የተጠበቁ ቅርሶች ስለሆኑ ሥራ የሚጀመረው ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው።