ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን ምንድን ነው? የማሸጊያ አታሚውና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ገዢ

በኢንዶኔዥያዋ የባንዱንግ ከተማ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ነጋዴ ለውጭ አገር ማሸጊያ አታሚ «3,000 ከረጢት አትሙልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መልስ «ከ50,000 በታች አንቀበልም» የሚል አጭር መስመር ነው። ይህ 50,000 ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን ይባላል፤ ላኪዎችና አስመጪዎች ደግሞ በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል ኤም.ኦ.ኪው. እያሉ ይጠሩታል። አምራቹ ሥራውን ተቀብሎ ማሽኑን ለማስነሳት የሚጠይቀው ትንሹ ብዛት ማለት ነው። ከቻይና ዕቃ አዝዞ የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ጋር ተዋውቋል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳው ሰው ግን እምብዛም አያገኝም። በእኔ እምነት የደቡብ ምሥራቅ እስያን ገዢ ማግኘት የሚፈልግ አታሚ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስረዳው የሚገባው ይህንኑ ነው።

ቁጥሩ የሚመነጨው ከማተሚያው ማሽን ነው። ለስላሳ የፕላስቲክ ማሸጊያ በብዛት የሚታተምበት የግራቪዩር ዘዴ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የብረት ሲሊንደር ይፈልጋል፤ ሲሊንደሩ በመዳብ ይለበጣል፣ ምስሉ በጥቃቅን ጉድጓዶች ይቀረጽበታል፣ ቶሎ እንዳያልቅም በክሮም ይሸፈናል። ስምንት ቀለም ያለው ከረጢት ስምንት ሲሊንደር አለው። ለስሌት እንዲመች የአንዱን ዋጋ 150 ዶላር ብንለው ስምንቱ 1,200 ዶላር ይሆናሉ፤ ይህ ወጪ ለ100,000 ከረጢት ሲካፈል በአንዱ ፍሬ ላይ የሚያርፈው 1.2 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ ለ5,000 ሲካፈል ግን 24 ሳንቲም ይደርሳል። በዚህ ላይ ማሽኑ ሲነሳ ቀለሞቹ ወዲያውኑ አንዱ በሌላው ላይ ልክ አያርፉም። ኦፕሬተሩ በፊልሙ (በሚታተምበት ስስ የፕላስቲክ ጥቅልል) ጠርዝ ላይ የታተሙትን ትናንሽ ምልክቶች እያየ፣ ሲሊንደሮቹን በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከለ፣ ብዙ መቶ ሜትር ፊልም ወደ ብክነት ይሄዳል። ይህ ብክነት ትዕዛዙ 5,000ም ሆነ 500,000 ብዙም አይለወጥም።

ፍሌክሶ የሚባለው ዘዴ በሲሊንደር ፈንታ እንደ ጎማ የሚታጠፍ ፕሌት፣ ማለትም ምስሉ የተቀረጸበት ሰሌዳ፣ ስለሚጠቀም መነሻ ወጪው ዝቅ ይላል። ዲጂታል ኅትመት ደግሞ ፕሌትም ሲሊንደርም አይፈልግም፤ ቤኒ ላንዳ እስራኤል ውስጥ የመሠረተው ኢንዲጎ የመጀመሪያውን ዲጂታል የቀለም ማተሚያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ በ2002 ኤችፒ ኩባንያውን ገዝቶታል (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ በዲጂታል የታተመ ፍሬ ዋጋው ብዛት ሲጨምር ያን ያህል አይወርድም፤ ፊልሙንና የከረጢቱን መዝጊያ ዚፕ የሚያቀርቡት ድርጅቶችም የራሳቸው ዝቅተኛ መጠን ስላላቸው፣ ዲጂታል ማሽን መግዛት ብቻውን ጉዳዩን አይፈታውም።

ጉዳዩ በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚከብደው አካባቢው ከሩቅ ሲታይ አንድ ገበያ፣ ከቅርብ ሲታይ ግን ብዙ ገበያ በመሆኑ ነው። በ1967 በባንኮክ በአምስት አገሮች የተመሠረተው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር፣ አሴአን፣ ቲሞር ሌስቴ በጥቅምት 2025 ከገባች ወዲህ 11 አባላት አሉት። ታይኛ፣ ክመርኛ (የካምቦዲያ ቋንቋ)፣ ላኦኛና በርምኛ (የምያንማር ቋንቋ) እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ ቬትናምኛ በላቲን ፊደል ቢጻፍም በአንድ አናባቢ ላይ ሁለት ምልክት ይደርባል። ስለዚህ ለአራት አገሮች የታሰበ የ40,000 ከረጢት ትዕዛዝ ለአታሚው አራት የ10,000 ሥራዎች ሊሆኑበት ይችላሉ።

ገዢው ትልቅ ክምችት የሚፈራበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የመለያ ጽሑፍ ሕግ መለዋወጡ ነው። ኢንዶኔዥያ በ2014 ባወጣችው የሐላል ሕግ መሠረት የመካከለኛና የትልልቅ ድርጅቶች ምግብና መጠጥ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሐላል ማረጋገጫ የግድ እንዲኖረው ሆኗል፤ አርማው ራሱም በ2022 ተለውጧል። ሲንጋፖር ከታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ስኳር ወይም ቅባት ያላቸው የታሸጉ መጠጦች በስኳርና በቅባት መጠናቸው የተሰጣቸውን ደረጃ በፊት ለፊታቸው እንዲያሳዩ አዝዛለች። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ በመጋዘን የተከመረ 50,000 ከረጢት ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ማዘዝ የሚፈልገውን ገዢ «አቅም የሌለው ነው» ብሎ መናቅ፣ እኔ እንደማየው፣ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ገንዘቡን እየጠበቀ ያለ ሰው ነው።

መለኪያውም ሊታሰብበት ይገባል። በፊሊፒንስ ሳሪ-ሳሪ በሚባሉት የመንደር ሱቆች ሻምፑም ቡናም በሳሼ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚበቃ ትንሽ እሽግ፣ ይሸጣል፤ እንዲህ ጥቂት ጥቂት መግዛትን እነርሱ ቲንጊ ይሉታል። አንድ ሜትር ስፋት ባለው ፊልም ላይ ተዘርግቶ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሳሼ በየሜትሩ 100 ይወጣል፤ 50,000 ሳሼ እንግዲህ 500 ሜትር ብቻ ነው። 50 በ40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ከረጢት ግን በየሜትሩ አምስት ስለሚወጣ፣ ያው 50,000 ከረጢት 10,000 ሜትር ይፈጃል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የፍሬ ቁጥር የሚጠይቅ አታሚ የራሱን ሥራ በትክክል አላሰላም፤ ሐቀኛው መለኪያ ሜትር ነው።

ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአካባቢው የንግድ ስምምነት ቻይናን፣ ጃፓንንና ደቡብ ኮርያን ከአሴአን አገሮች ጋር ስለሚያስተሳስር፣ ከዚህ ውጭ ያለ አታሚ በዋጋ ብቻ ሊያሸንፍ አይችልም። የሚቀረው ሥራውን በብልሃት ማቀናጀት ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ብልሃት በቋንቋ የሚለወጠውን ጽሑፍ በሙሉ በጥቁር ቀለም ብቻ ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ ከስምንቱ ሲሊንደሮች ሰባቱ ለሁሉም አገር የጋራ ይሆኑና የሚለወጠው ጥቁሩ ብቻ ይሆናል። ጥቁሩም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የታይኛ የድምፅ ምልክት ከአናባቢው በላይ የሚቀመጥ ትንሽ ጭረት በመሆኑ ቀለም ሲሞላበት ቃሉ ይለወጣል፣ «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚለየው ጭረት ቢጠፋ በእኛ ፊደል እንደሚደርሰው ማለት ነው።

ፕሮፎርማውም ተዘርዝሮ መቅረብ ይኖርበታል፤ ሲሊንደሩ አንድ ጊዜ የሚከፈልበትና የገዢው ንብረት መሆኑ፣ ፊልሙ በሜትር ስንት እንደሆነ፣ በዘርፉ የተለመደው የአሥር በመቶ የብዛት ልዩነት (ከታዘዘው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ማስረከብ) ተፈጻሚ ይሆን እንደሆነ በየራሱ መስመር ይጻፍ። ለባንዱንጉ ነጋዴም መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የመጀመሪያውን 3,000 በዲጂታል እናትምልዎታለን፤ የፍሬ ዋጋው ከፍ ይላል። ሽያጭዎ ሲያድግ ወደ ግራቪዩር እንሻገራለን፤ የሐላል አርማውንና ጽሑፉን የያዘው ጥቁር ሲሊንደር ለብቻው ስለሚሠራ፣ ሕጉ ቢለወጥ የሚከፍሉት የአንዱን ሲሊንደር ዋጋ ብቻ ይሆናል።»