ቤቱ መኪና ለሆነ ጡረተኛ «ዶሚሳይል» ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ጡረታ ሲወጡ ቤታቸውን ሸጠው በአርቪ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አርቪ አልጋና ማእድ ቤት ያለው መኪና ነው። መጀመሪያ ግራ የሚያጋባቸው ቃል «ዶሚሳይል» ነው።

ዶሚሳይል ዛሬ ያደሩበት ቦታ አይደለም። ሕጉ ቋሚ ቤትዎ ብሎ የሚያውቀው አንድ ግዛት ነው። የትም ቢዞሩ መንጃ ፈቃድ የሚያወጡት፣ ለምርጫ የሚመዘገቡት እዚያ ነው። ብዙዎች ሳውዝ ዳኮታን፣ ቴክሳስን ወይም ፍሎሪዳን ይመርጣሉ። ሦስቱም የግዛት የገቢ ግብር የላቸውም። ሳውዝ ዳኮታ ለእንዲህ ዓይነት ተጓዦች መንጃ ፈቃድ ስትሰጥ፣ ከፖስታ አድራሻ ማስረጃ ጋር በግዛቷ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያደሩበትን ደረሰኝ ትጠይቃለች።

ግን እባክዎ ግብርን ብቻ አይተው አይወስኑ። እኔ የማስቀድመው ጤናን ነው። ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው። መደበኛው ሜዲኬር ያለው ሰው፣ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም እስካገኘ ድረስ በየትኛውም ግዛት ይታከማል። በግል ኩባንያዎች የሚሰጠው «ሜዲኬር አድቫንቴጅ» ግን ከመኖሪያ አካባቢ ጋር የታሰረ ነው። ድንገተኛ ሕክምናን ሌላ ግዛትም ይሸፍናል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ክትትልን ግን ላይሸፍን ይችላል። ስለዚህ አድራሻ ከመቀየርዎ በፊት ኢንሹራንሱ ጋር ይደውሉና «አሪዞና ሦስት ወር ብቀመጥ ለክትትሌ ትከፍላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ።