«ከገዛ ካባው ሳዮ ማውጣት»፦ የስፔናውያን አባባልና ትርጓሜው

ስፔናውያን አንድ ሰው እርሱን ብቻ በሚመለከት ጉዳይ ማንንም ሳያማክር እንዳሻው ሲያደርግ «አሴር ዴ ሱ ካፓ ኡን ሳዮ» ይላሉ፤ ቃል በቃል «ከገዛ ካባው ሳዮ ማውጣት» ማለት ነው። ካፓ እጅጌ የሌለው፣ ከትከሻ ላይ ዙሪያውን የሚወርድ፣ ከፊቱ ክፍት የሆነና ብዙ ጨርቅ የሚፈጅ መደረቢያ ነው። ሳዮ ደግሞ ቁልፍ የሌለው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ልል ልብስ ነበር፤ ዛሬ የሚለብሰው ባይኖርም፣ «ሜይ 40 ሳይሞላ ሳዮህን አታውልቅ» በሚለው ሌላ አባባል ስሙ ቀርቷል (ቀኑ ሲቆጠር ጁን 9 ላይ ይውላል፤ ብርዱ ሳይወጣ አትቸኩል ለማለት ነው)። ሰፊውን ካባ ቀዶ ሳዮ ማድረግ ለልብስ ሰፊ ዓይን ጨርቅ ማባከን ቢመስልም፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ጠያቂ የለበትም።

በእኔ አስተያየት የአባባሉ ክብደት ያረፈው «ሱ» በምትለው፣ «የራሱ» የሚል ፍቺ ባላት አጭር ቃል ላይ ነው። አንድ ሹም የሕዝቡን ጉዳይ እንደ ግል ንብረቱ ሲያደርገው አባባሉ ወደ ወቀሳ የሚለወጠውም ካባው የእርሱ ስላልሆነ ነው። የእኛው «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት» ይህንኑ ነገር ከተበዳዩ ወገን ሆኖ ያየዋል።

ካባው ግን በእርግጥ የለባሹ ብቻ ነበርን? የስፔኑ ደራሲ ሰርቫንተስ እ.ኤ.አ. በ1605 በታተመው የ«ዶን ኪኾቴ» ልብ ወለዱ መቅድም ላይ «በካባዬ ሥር ንጉሡን እገድላለሁ» የሚል የሕዝብ አባባል ይጠቅሳል፤ ሰው በጓዳው ማንንም አይፈራም ለማለት የተነገረ ቢሆንም፣ መንግሥት ረጅሙን ካባ የሚጠረጥረው ፊትንም መሣሪያንም ስለሚሸሽግ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 1766 የስፔኑ ንጉሥ የካርሎስ ሦስተኛ ሚኒስትር የነበረው ሲሲሊያዊው እስኪላቼ፣ በማድሪድ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ቀርቶ ባለ ሦስት ማዕዘኑ እንዲደረግ፣ ካባም ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬት ከፍ እንዲል በዐዋጅ አስነገረ። የዳቦ ዋጋ ንሮ ሕዝቡ ተማርሮ ስለነበር፣ በሆሳዕና ዕለት ማርች 23 ቀን ዐመፅ ተነሣ፤ በማግስቱ ንጉሡ ሚኒስትሩን ለማባረር፣ የምግብ ዋጋ ለመቀነስና ሕዝቡ እንደ ልማዱ እንዲለብስ ለመፍቀድ ተስማምቶ፣ በዚያው ሌሊት ከማድሪድ በስተ ደቡብ ወዳለችው አራንኹዌስ ሸሸ።

ዐዋጅ ያላሳጠረውን ካባ ዘዴ አሳጠረው ይባላል። ከእስኪላቼ በኋላ ሥልጣን የያዘው የአራንዳው ኮንት (የመኳንንት ማዕረግ ነው) ረጅሙን ካባና ሰፊውን ባርኔጣ የሞት ፍርድ ፈጻሚው መለያ ልብስ አደረገው፤ ማድሪዳዊውም ያን ሰው ላለመምሰል ሲል ካባውን በገዛ እጁ አሳጠረ እየተባለ ይተረካል።